የአዴ ድርቤ በር

ሀያት ሙሐመድኑር መድረክ ፈርታ አታውቅም። ሞዴል በነበረችበት ዘመን፣ ተረከዙ እንደ ምስማር የቀጠነ ጫማ ተጫምታ፣ የሰው ቬሎ እየጎተተች፣ ዓይን በሞላበት አዳራሽ ስትንጎማለል አንድ ቀን እንኳ ተደናቅፋ አታውቅም። ሞዴልነቱ በቃኝ ብላ፣ እውነቱን እንናገር ካልን እሱ በቃሽ ብሏት፣ ወደ ሬዲዮ ከዚያም ወደ ቴሌቪዥን ስትሻገርም ልቧ አልደነገጠም። አሁን «አለኝታ» የሚባል የእርዳታ ማሰባሰቢያ ዝግጅት አቅራቢ ናት። ከተማ ለከተማ እየዞረች ሰው ታስለቅሳለች፣ አብራም ታለቅሳለች፣ አልቅሳም ኩሏ አይፈስም። ቀላል ሙያ እንዳይመስላችሁ።

የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት ግን ነቀምቴ ባረፈችበት ሆቴል መስታወት ፊት ተቀምጣ ኩሉን እንደያዘች ቀረች። አመሻሹ ላይ በከተማው አዳራሽ፣ በቀጥታ ሥርጭት ወደ መድረክ የምታወጣቸው እንግዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንድ ጥያቄ ጠይቀዋታል።

«ሀያቴ፣ ይሄ ነገራችሁ አያና ላይም ይታያል?»

እንግዳዋ አዴ ድርቤ ይባላሉ። ጊዳ አያና ውስጥ የሀያት አባት ጎረቤት ነበሩ። ሙሐመድኑር በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥቶ ሲሰፍር፣ ገና ጎጆው ሳይከደን አንጮቴ ቀቅለው ያበሉት አዴ ድርቤና ባላቸው ኦቦ ጆቴ ናቸው። የሀያት አባትና እናት ካረፉ ቆይተዋል፤ እርሻው ላይ የቀረው ወንድሟ ኢስማኢል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አገሩ ታምሶ ታጣቂ ቤት ለቤት ሰፋሪ ሲፈልግ፣ አዴ ድርቤ ኢስማኢልን ከነሚስቱ ከነልጆቹ ከጎተራቸው ጀርባ ደብቀው አተረፉት። ዛሬ ኢስማኢል አኖ ከተማ ትንሽ ሱቅ ይዞ ይኖራል። ታሪኩን ለእህቱ በስልክ እያለቀሰ ነገራት። እህቱም ሰምታ ዝም አላለችም፤ ዝም ማለት ሙያዋ አይደለማ።

ለዝግጅቱ ኃላፊ ለጋሩማ ነገረችው። ጋሩማ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ጥሩ ታሪክ ሲሰማ ምራቁን የሚውጥ ሰው ነው። ወዲያው ማስታወቂያ ተሠራ፦ «በዚህ ቅዳሜ፣ ጎረቤቶቿን ከሞት የደበቀችውን እናት ተዋወቋት!» ኢስማኢል ስልኩ ላይ የነበረችውን ፎቶ ላከላቸው፤ አዴ ድርቤ ቤታቸው በር ላይ ቆመው። ፊታቸው እንዳይታይ ተብሎ በጥንቃቄ ደበዘዘ። አደራ ያለችውም ሀያት ራሷ ናት።

«አዎ፣ በየቤቱ ይታያል» አለች ሀያት፣ ደስ የሚላቸው መስሏት።

አዴ ድርቤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «የጎረቤቴ ልጅ ኬኔ ስልኩን አምጥቶ አሳየኝ» አሉ። «‹አዴ ድርቤ፣ ይሄ በር የእርስዎ አይደለም ወይ?› አለኝ። ምን ልበል ኢንታላ ኮ፣ አንቺ ልጅ? ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።»

ሀያት ስልኳን አንስታ ማስታወቂያውን ከፈተች። ስንት ጊዜ አይታዋለች። አሁን ግን ያየችው በሩን ነው። ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ቢጫ ወፎች የተሳሉበት፣ ኦቦ ጆቴ በወጣትነታቸው ለሙሽራቸው የሳሉት በር። አያና ውስጥ ያንን በር የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። እነ ጋሩማ የሴትየዋን ፊት ሸፍነው በራቸውን አሳዩ። 

አያና ቁስሉ ገና ነው። ከሁለቱም ወገን ሰው ተቀብሯል። ሰው የደበቀ ሰው በአንዱ ዘንድ ጻድቅ፣ በሌላው ዘንድ ከሃዲ ነው። የአዴ ድርቤን ነገር ጎረቤት አውቆም ሆነ ጠርጥሮ እስከ ዛሬ ዝም ብሎ ነበር፤ ቤታቸውን ያቆመውም ያ ዝምታ ነው። «አለኝታ» ዝምታውን በሙዚቃ አጅቦ አፈረሰው።

«ኬኔ የሜቲ ወንድም?» አለች ሀያት፣ እያወቀችው።

«ኤዬ፣ የሜቲ ወንድም።»

ሜቲ የልጅነት ጓደኛዋ ነበረች። ትምህርት ቤት ለመድረስ ወንዝ መሻገር ነበረባቸው፤ ድልድዩ አንድ የተጋደመ ግንድ ነው። ሀያት ትፈራ ነበር። ሜቲ ደብተሯን አናቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ መንገድ ላይ እንደምትሄድ ትሻገርና ከማዶ ትጣራለች፦ «እግርሽን አትዪ፣ ዛፉን እዪ!» ሀያት አዲስ አበባ ገብታ ሞዴል የሚመለምሉ ሰዎች አካሄዷን አይተው የተገረሙት በዚያ ግንድ ምክንያት ነው። በየቃለ መጠይቁ ግን «አካሄዴ የተፈጥሮ ስጦታ ነው» ስትል ኖራለች። በዚያ ግርግር ሜቲ ገበያ ስትሄድ መንገድ ላይ በጥይት ሞተች። ማን እንደተኮሰ አልታወቀም። ኬኔ ግን ከሰፋሪዎቹ በኩል ነው ባይ ነው። ሀያት መርዶውን የሰማች ቀን ስልኳን አነሳች፣ ምን ብዬ ብላ መልሳ አስቀመጠችው። እንዳስቀመጠችው ቀረ።

«ኦቦ ጆቴ ብቻቸውን ናቸው?»

«ብቻውን ነው። ጠዋት ደውሎ ሰዎች ደጁ ላይ እየቆሙ በሩን አይተው ይሄዳሉ አለኝ። አይሰድቡም፣ አይናገሩም። አይተው ይሄዳሉ።» አዴ ድርቤ ከዘንቢላቸው በፕላስቲክ ዕቃ ያለ ማር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይሄ ያንቺ ነው። ባዶ እጄን አልመጣም ብዬ ነው።»

ማሩን ስታይ ሀያት አንድ ሐሳብ መጣላት። የወለጋው ሰው ሀርማ ሆዳ ይለዋል፣ የወሎው ሰው የጡት ልጅ፤ ወጉ አንድ ነው። እናት የምትሆነው አውራ ጣቷን ማር ታስነካለች፣ ልጅ የሚሆነው ይጠባል፣ የታደመው ሰውም ማሩን ቀምሶ ምስክር ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ሥጋ ናቸው። ልጇን ደበቀች ተብላ የምትወቀስ እናት ደግሞ የትም አገር የለችም።

«ዛሬ መድረክ ላይ የጡት ልጅዎ ነኝ ልበል» አለች እየተጣደፈች። «እናቴ ናት፣ የደበቀችው ልጆቿን ነው ልበል። ከፈለጉ ማሩንም እዚያው...»

«ነሽ ወይ?»

«ምን?»

«ልጄ ነሽ ወይ?»

ሀያት ማሩን አየች።

«አይደለሽም» አሉ አዴ ድርቤ፣ ያለ ቁጣ። «አያና የሚያውቀኝ አገር ነው። የነቀምቴ ሰው ቢያጨበጭብ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ልጅ የሚወሰደው በጎረቤት ፊት ነው። በካሜራ ፊት የተጠባ ጡት ማን ያምነዋል? ደግሞ ፓስተራችን እንዲህ ያለውን የድሮ ወግ አይወድም። ቢሆንም ማር ኃጢአት አይደለም እለዋለሁ።»

«እንግዲያው አያና እንሂድ።»

ይህን ያለው አፏ ነው። እሷማ ያንን መንገድ ለዓመታት በሕልሟ እየፈራችው ኖራለች።

ጋሩማ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ማስታወቂያ ወጥቷል፣ ስፖንሰሩ አዳራሽ ገብቷል፣ አንቺ እንግዳ የለም ትይኛለሽ?» አለ። ቀጥሎ ዓይኑ በራ። «ቆይ፣ ካሜራ ይዘን አብረን እንሂድ። ከዚህ የበለጠ ታሪክ የት ይገኛል?»

«አንድ ካሜራ ነው እዚህ ያደረሰን ጋሩማ።»

«ካልተቀረጸ ማን ያየዋል?»

«ማየት ያለበት ሰው አያና ነው ያለው።»

አመሻሹ ላይ መድረክ ወጣች። እንግዳዋ በቤተሰብ ጉዳይ አልተገኙም ብላ አለፈችው። ዘፋኙ ዘፈነ፣ ቃል የሚገባው ቃል ገባ፣ እሷ ግን ስታስተዋውቅም ስታመሰግንም በልቧ የምታየው ሁለት ቢጫ ወፎችን ነበር። የማልቀሻው ሰዓት ደረሰና እንባ አልመጣም። ጋሩማ ከመድረኩ ጀርባ ምን ሆነሽ ብሎ በእጁ ጠየቃት። ምን እንደሆነች ብታውቀው ትነግረው ነበር።

እሑድ ጠዋት ከአዴ ድርቤ ጋር የሕዝብ ሚኒባስ ያዙ። ሀያት ፊቷን በሻሽ ሸፍና መስኮት ሥር ተቀመጠች። ኡኬ የምትባል ከተማ ሲደርሱ ኬላ አለ፤ ወታደሩ መታወቂያ እያየ መጣና እሷ ላይ ቆመ። መታወቂያውን አየ፣ ፊቷን አየ። ሻሹን ዝቅ አደረገችው።

«የአለኝታዋ ሀያት?» አለና ፈገግ አለ። «እናቴ ትወድሻለች። አንድ ፎቶ እንነሳ።»

ወርዳ ተነሳች። ፈገግ በይ ስትባል ፈገግ አለች፤ በእሱማ ማን ያህላታል። ወደ መኪናው ስትመለስ ግን ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያያት ነበር፤ ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ለማን ነው የሚደውለው? ስለ ከብት ዋጋ ይሆናል ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። አዴ ድርቤ እጇን ይዘው ጭናቸው ላይ አኖሩትና እስኪደርሱ ድረስ አልለቀቁትም።

አያና ሲደርሱ ግን ያልጠበቁት ነገር ጠበቃቸው። ኦቦ ጆቴ ደጃቸው ላይ ቆመው፣ እጃቸው እስከ ክርን ድረስ በቀለም ተጨማልቋል። በሩ ቡናማ ሆኗል። ወፎቹ የሉም።

«ምን አደረግህ?» አሉ አዴ ድርቤ።

«ቀየርሁት» አሉ ኦቦ ጆቴ። «ፎቶው ላይ ያለው ሰማያዊ አይደለም እንዴ?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ሰማያዊውን በር ያላስተዋለ ሰው ቢኖር እንኳ፣ ቡናማውን ሲያይ ኦቦ ጆቴ የሚደብቁት ነገር እንዳለ አወቀ። ከአጥሩ ውጭ ሰው ቆሟል፤ የቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንኳ ያልቀየረ አለ። ሀያት ልጅ ሆና ያወቀቻቸውን ፊቶች ለየች። ሰላምታ የሰጣት አንድም የለም።

አዴ ድርቤ ግን ጊዜ አልፈጁም። የሰፈሩን ሽማግሌ ኦቦ ባቻን አስጠሩ፣ ደጁ ላይ አጎዛ አነጠፉ፣ ማሩን በእንጨት ሳህን ገለበጡ። ሰውም ነገሩን ለማየት ወደ ግቢው ገባ። ኬኔ መጨረሻ ገባና አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ጎልማሳ ሆኗል፤ አገጩ ግን የሜቲ አገጭ ነው።

ኦቦ ባቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድርቤ፣ ሰው ብዙ ይላል። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። በዚያ ጊዜ ቤትሽ ማን ነበር?»

«ልጆቼ ነበሩ።»

«የሙሐመድኑር ልጆች ናቸው ይባላል።»

«የሙሐመድኑርም ናቸው፣ የእኔም ናቸው። እህታቸው ይቺው መጥታለች። ዛሬ በፊታችሁ ስለ ሁሉም አጠባታለሁ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «ወጉን አውቃለሁ። ግን የደበቅሻቸው ከዓመታት በፊት ነው፤ የምታጠቢያት ዛሬ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠብኝ።»

«ልጅ ከመወለዱ በፊት አይረገዝም እንዴ ኦቦ ባቻ?» አሉ አዴ ድርቤ።

አንዲት ሴት ሳቀች። ሳቁ ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። ኦቦ ባቻ ግን አልሳቁም፤ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺስ? ይህ እንደ ቴሌቪዥናችሁ ሲያልቅ መብራት የሚጠፋበት ነገር አይደለም። ስትታመም ታስታምሚያታለሽ። ስትሞት ፀጉርሽን ትላጪያለሽ። ደስታዋ ደስታሽ፣ ሐዘኗ ሐዘንሽ ነው። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

አጎዛው ላይ ተንበረከከች። አዴ ድርቤ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ወደ አፏ አመጡት። ጣታቸው ሻካራ ነው፣ ሽንኩርት ይሸታል። ሀያት ዓይኗን ጨፍና ጠባች። ስትከፍት አዴ ድርቤ እያዩዋት ነበር።

«ሀርሜ» አለቻቸው። እናቴ ማለት ነው። ለማንም ብላው አታውቅም።

ሳህኑ ይዞር ጀመር። ኦቦ ባቻ ቀመሱ። ያቺ የሳቀችው ሴት ቀመሰች። አንዳንዱ ፊቱን አጨማዶ፣ አንዳንዱ ወዲያና ወዲህ እያየ፣ ሁሉም ጣቱን ነከረ። የቀመሰ ሰው ምስክር ነው፣ ምስክር የሆነ ሰው በዚያች ቤት ላይ ክፉ አያነሳም። ሳህኑ ኬኔ ጋ ደረሰና ቆመ።

ኬኔ ሳህኑን ተቀበለ። ማሩን ግን አልነካም።  የኦቦ ጆቴ የተቀባ እጅ በሩን ተደግፎ ነበር፤ ቀለሙ እንዳልደረቀ እንኳ ረስተውታል።

«እኔንም አዴ ድርቤ አጥብተውኛል» አለ ኬኔ። «በማር አይደለም፣ በጡታቸው። እናቴ ወልዳኝ ታማ በነበረ ጊዜ። ይሄን ሰው ሁሉ ያውቃል።» ወደ ሀያት ዞረ። «እንግዲህ ልጃቸው ከሆንሽ እህቴ ነሽ። እህቴ ከሆንሽ ሜቲ እህትሽ ነበረች።»

ሀያት ዓይኗን ወደ አጎዛው ዝቅ አደረገች።

«በቴሌቪዥን ስታለቅሺ አይሻለሁ። ለማታውቂው ሰው ሁሉ ታለቅሻለሽ። እናቴ ታይሽና ‹ሀያት ሆዷ ቡቡ ነው፣ አንድ ቀን ትመጣለች› ትላለች። እህትሽ ሞታ ለቅሶ አልደረስሽም።» ድምፁ ተሰበረ፤ ቀስ ብሎ ጨረሰው። «ለቅሶ ድረሺ። ከዚያ እቀምሳለሁ።»

ሳህኑን እንደያዘ ከግቢው ወጣ። ሀያት ተነሳች። አዴ ድርቤ አብረው ሊነሱ ሲሉ ኦቦ ባቻ በእጃቸው ያዟቸው፤ ይህ የእሷ መንገድ ነው።

ኬኔን ተከትላ ሄደች። ቤቱ ቅርብ ነበር፤ እሷ ግን ሩቅ እንዲሆን ፈለገች። ምን እላለሁ? እናትየዋ ቢያባርሩኝስ? ከሁሉ የባሰ ደግሞ ትናንት እንደሆነው እንባ እንቢ ቢለኝስ? ለቅሶ ደርሳ ያላለቀሰች ሴት ምን ትባላለች? ደረቅ ናት፣ ለይምሰል ነው የመጣችው ይላሉ። ኬኔም አይቀምስም። አዴ ድርቤም ከዚያ ከተበላሸ በር ኋላ በስጋት ያድራሉ። አፍራለች፣ ፈርታለች።

የሜቲ እናት ከውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ሀያት ደጃፉ ላይ ቆማ የለቅሶውን ቃል ፈለገችው፤ አልመጣም። ገብታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እንባም አልመጣም። ያ ስንት አዳራሽ ያስለቀሰ ፊት ደርቆ ቀረ።

«ዘግይቼ ነው» አለች በመጨረሻ። «ፈርቼ ነው የቀረሁት። ምን እንደምል አጥቼ።»

እናትየዋ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። «አታልቅሺ» አሉ፣ ሳታለቅስ። «እዚህ ቤት ብዙ ተለቅሷል።» ከዚያ ጎንበስ አሉ፣ ኬኔ እንዳይሰማ ይመስል። «አንድ ነገር ልለምንሽ። ተነሺና እስከ በሩ ድረስ ሂጂልኝ።»

«ልሂድ?»

«ከቤቴ ውጪ ማለቴ አይደለም። እንዲያው ተራመጂልኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ስትገቢ የምትሄጂው አካሄድ አለ አይደለም? ያ የሜቲ ነው። ሌላ ሰው አያውቅም፣ እኔ ነኝ የማውቀው። የቴሌቪዥኑ ያጥርብኛል፣ ወዲያው ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ።»

ሀያት ጫማዋን አወለቀች። ግድግዳውን በጀርባዋ ነክታ ቆመች፣ አንገቷን ቀና አደረገች። በክፍቱ በር በኩል ማዶ አንድ ዛፍ ይታያል። እግሯን አላየችም። ሄደች። መሃል ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የእናትየው ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማች፤ ያን ጊዜ የእሷም እንባ መጣ፣ ሳትጠራው፣ ኩሉን ሁሉ ይዞ። ዛፉ ብዥ አለባት፤ እግሯ ግን አልሳተም።

በሩ ላይ ስትደርስ ኬኔ ደጃፉ ላይ ሳህኑን ጉልበቱ መሃል አስቀምጦ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረና ወደ አፉ አደረገው።

«አንዴ ድገሚልኝ» አሉ እናትየዋ ከውስጥ።

ሀያት ዞራ ወደ ግድግዳው ተመለሰች፤ እንደገና ጀመረች።